«ጨዋ ልጅ ነው፣ አያስቸግርም»፦ የአንድ ጎንደር አራስ ቤት የመጀመሪያ ሳምንታት

ጉዳዩ በአጭሩ

ከአራስ ቤት የሚመጣው የተለመደ አቤቱታ «ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ያድራል» የሚል ነው። ይህ ግን የማያለቅስ ሕፃን ጉዳይ ነው። በተወለደ በ5ኛው ቀን ከውልደት ክብደቱ 390 ግራም ቀንሶ፣ ከግንባሩ እስከ ጭኑ ቢጫ ሆኖ ሆስፒታል ሲገባ፣ ቤተሰቡ ስለ እሱ የሚናገረው ምስጋና ብቻ ነበር፦ «ጨዋ ልጅ ነው፣ አያስቸግርም፣ እንቅልፉን ይወዳል።» ሕፃኑ ተርቦ ነበር፤ ያውም ወተት ሞልቶ ከተወጠረ ጡት አጠገብ ተኝቶ።

የቤተሰቡ ስም፣ ሰፈሩና የታየባቸው የሕክምና ተቋማት ሆን ተብሎ ተትተዋል።

መነሻው

እናቲቱ 23 ዓመቷ ነው፤ ልጁ የመጀመሪያዋ ነው። አባትየው ባጃጅ ይነዳል። የሚኖሩት ከአማቷ ጋር በሁለት ክፍል ቤት ሲሆን፣ አራሷን ለመንከባከብ ወላጅ እናቷ ከደምቢያ ገጠር መጥተዋል። ልጁ የተወለደው በ37 ሳምንት ከ2 ቀን፣ ጥር 6 ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ በጤና ጣቢያ ነው። ወንድ፣ 3,100 ግራም፣ እንደወጣ ያለቀሰ። በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጡት ይዟል። የቫይታሚን ኬ መርፌ፣ የዓይን ቅባትና የመጀመሪያው የፖሊዮ ጠብታ ተሰጥቶታል። የሳንባ ነቀርሳ ክትባት የሆነውን ቢሲጂ ግን አልተከተበም፤ አንዱ ብልቃጥ ለ20 ልጅ የሚሆን ስለሆነና ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ ስለማይቆይ፣ ልጆች በሚሰባሰቡበት ቀን ነው የሚከፈተው። 24 ሰዓት ቆይተው ጥር 7 ቤታቸው ገቡ። የ3ኛ ቀን ቀጠሯቸው ጥር 9 ነበር።

በ37 ሳምንት የተወለደ ልጅ ካርዱ ላይ «ጊዜው የደረሰ» ተብሎ ይጻፋል። እውነት ነው፣ ደርሷል። ነገር ግን በ39 ወይም በ40 ሳምንት ከተወለደው ይልቅ እንቅልፋም ነው፤ ሲጠባ ቶሎ ይደክመዋል፤ ቢጫ የመሆን ዕድሉም ከፍ ያለ ነው። «ሲርበው ራሱ ይነቃል» የሚለው ምክር ለእንዲህ ያለው ልጅ አይሆንም። ይህን ለእናቲቱ የነገራት ሰው አልነበረም።

ጥር 9 ደግሞ የከተራ ዋዜማ ነው። በዚያ ሳምንት የጎንደር ቤት ምን እንደሚመስል ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ እንግዳ ከየአቅጣጫው ይገባል፣ ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ ጠላው ይጠመቃል። ቀጠሮው «ከበዓሉ በኋላ እንሄዳለን» ተባለ።

ከጥር 7 እስከ 11 በቤት የሆነው

ቤት በገቡበት ቀን አማቷ ሆዱን እንዲያለሰልስለት ብለው ለሕፃኑ ጥቂት ለጋ ቅቤ አላሱት። ወላጅ እናቷ ደግሞ ጡቷን አልበው ቢጫማውን እንገር ጨርቅ ላይ ደፉት፤ «የቆየ ወተት ነው፣ ሆዱን ይቆርጠዋል» በሚል። ሁለቱም ያደረጉት ለልጁ በማሰብ ነው። ሆኖም የተደፋው ያ ጥቂት የሻይ ማንኪያ እንገር የዕለቱ ሙሉ ቀለቡ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሕፃን በአንድ ጊዜ የሚወስደው ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሊትር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ብቻ ነው፤ እንገሩም የሚመጣው በዚያው ልክ ነው።

በማግስቱ «ወተቷ አልወረደም» ተባለ። ይህም ውሸት አልነበረም። ብዙው ወተት የሚወርደው ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያ ልጅ ላይ ደግሞ ዘግየት ይላል። ስህተቱ መፍትሔው ላይ ነው። ስኳር በፈላ ውኃ ተበጥብጦ፣ ቀዝቅዞ፣ በቀን 4 ጊዜ ግማሽ ሲኒ ይሰጠው ጀመር። በ3ኛው ቀን የአብሽ ውኃ ተጨመረበት። ግማሽ ሲኒ ወደ 30 ሚሊ ሊትር ነው፤ የ3 ቀን ሕፃን ሆድ በዚህ ይሞላና ልጁ ይተኛል። የተኛ ልጅ አይጠባም። ያልተጠባ ጡት ደግሞ ወተት አምርት የሚለው ትእዛዝ አይደርሰውም። ስኳር ውኃው ለወተት ማነስ የመጣ መፍትሔ መስሎ ገብቶ ማነሱን ራሱ ፈጠረው።

በከተራ ዕለት ጡቶቿ ሞልተው እንደ ድንጋይ ጠነከሩ። አሁን ወተት አለ፤ ልጁ ግን መጉረስ አቃተው። የተወጠረ ጡት ጫፉ ይሰምጣል፤ ሕፃኑ የሚያገኘው ጫፏን ብቻ ስለሆነ እሷን ያኝካል። ሁለቱም ጫፎች ተሰነጠቁ፣ አንደኛው ደማ። ቅቤ ተቀባ። ቅቤው ስንጥቁን አላዳነም፤ ይልቁንም ጡቱ ከልጁ አፍ እንዲያንሸራትት አደረገ። እናቲቱ ጡት ማጥባት ሲደርስ ጥርሷን ትነክስ ጀመር። በዚህ መሀል ልጁ ሲተኛ ሁሉም ሰው እፎይ ማለቱ አያስገርምም።

በዚያው ቀን ዓይኑ ቢጫ መሆኑን አንዲት ጎረቤት አዩ። «ፀሐይ ይንካው» ስላሉ በማግስቱ ጠዋት በጋቢ ተጠቅልሎ ፊቱ ብቻ ተገልጦ ደጅ ተቀመጠ። ፊቱን ብቻ የነካ የጠዋት ፀሐይ በደም ውስጥ ያለውን ቢጫ ነገር አያወርድም፤ ራቁቱን ደጅ ማውጣት ደግሞ በጥር ብርድ ሌላ ጣጣ ነው። ሌላ ጠያቂ «አልጠባም ያለው እንጥሉ ወርዶ ነው» አሉና እንጥል የሚቆርጥ ሰው ጠቆሙ። ይህ ልማድ በጎንደር አካባቢ ዛሬም አለ፤ ደም አፍስሶ የሚገድል፣ ካልሆነም በቆሸሸ ስለት ኢንፌክሽንና መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣ ነው። ወደ ቆራጩ መሄዱም «ከበዓሉ በኋላ» ተባለ። ጥምቀቱ የጤና ጣቢያውን ቀጠሮ አስቀረ፤ ቆራጩንም አብሮ አስቀረልን ማለት ይቻላል።

በትክክል የተሠራም አለ። እትብቱ ላይ ከጤና ጣቢያ ከተሰጠው የክሎርሄክሲዲን ቅባት በቀር ምንም አልተደረገም። ቅባቱ በቀን 1 ጊዜ ለ7 ቀን ለእትብት ብቻ ነው፤ ቱቦው ከዓይን ቅባት ጋር ስለሚመሳሰል ዓይን ውስጥ ገብቶ ልጅ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። አባትየው ይህ እንዳይሆን ቱቦውን ለብቻው ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጦት ነበር።

ጥር 11፣ ወደ ማታ

ከበዓሉ ስትመለስ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልትል የገባች የሰፈር አዋላጅ ነርስ ናት ነገሩን ያየችው። ክፍሉ በእንግዳ ተሞልቷል፣ ከሰል ይነዳል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ መስኮቱ ዝግ ነው። መጀመሪያ የጠየቀችው ከሰሉ ከክፍሉ እንዲወጣ ነበር፤ በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል የሚያወጣው መርዛም ጋዝ ሽታ ስለሌለው አራስንም ሕፃንንም ተኝተው ሊገድል ይችላል። ከዚያ የጠየቀችው ስለ ልቅሶ አልነበረም።

«ከትናንት ማታ ወዲህ ስንት ጨርቅ አረጠበ?»

ማንም አላወቀም። ጨርቆቹን ያጠቡት አማቷ አስበው «ሁለት» አሉ፤ በአንደኛው ላይ ጡብ የመሰለ ቀይ ቢጫ እድፍ አይተው ደም መስሏቸው ነበር። ደም አይደለም፤ ሽንት ሲወፍር የሚጥለው ዝቃጭ ነው። በ1ኛና በ2ኛ ቀን ቢታይ ብዙ አያስጨንቅም፣ በ5ኛው ቀን ግን ልጁ ፈሳሽ እንዳነሰው ይናገራል። ዓይነ ምድሩስ? አሁንም ጥቁር። በ5ኛው ቀን ቢጫና ላላ ያለ መሆን ነበረበት።

ልጁን በመስኮቱ ብርሃን ገልጣ አየችው። ግንባሩን፣ ደረቱን፣ ሆዱንና ጭኑን በጣት ተጭና ስትለቀው ቦታው ቢጫ ሆኖ ታየ፤ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ገና ነው። በጠይም ቆዳ ላይ ቢጫነት ስለሚደበቅ ድዱንና የዓይኑን ነጭም አየች። እርግብግቢቱ ትንሽ ሰምጧል። በብብቱ የተያዘው ሙቀት 36.1 ነበር፤ ከ36.5 ማነስ አልነበረበትም። ጡት ላይ ሲደረግ ሦስቴ ጠብቶ ተኛ።

«ጨዋነቱ አይደለም እማማ፣ አቅም አጥቶ ነው» አለቻቸው አማቷን።

ታቦታት ወደየአጥቢያቸው በሚመለሱበት ሰዓት ዋና ዋና መንገዶች ዝግ ነበሩ። በዚህ የአባትየው ሙያ ጠቀመ፤ በጓሮ በጓሮ እየዞረ 20 ደቂቃ የሚፈጀውን መንገድ በ50 ደቂቃ ደረሰ። ልጁ የተጓዘው ተጠቅልሎ በእቅፍ አይደለም። ልብሱ ወልቆ፣ ኮፍያና የሽንት ጨርቅ ብቻ አድርጎ በእናቱ ባዶ ደረት ላይ ተለጥፎ፣ ከላይ ጋቢ ተደርቦበት ነው። ሆስፒታል ሲደርስ ሙቀቱ 36.7 ሆኗል።

በሆስፒታል፣ 36 ሰዓት

ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የተለካው፦ ክብደት 2,710 ግራም፣ ይህም ከውልደት ክብደቱ 12.6 በመቶ የቀነሰ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እስከ 7 በመቶ መቀነስ የተለመደ ነው፤ 10 በመቶ ካለፈ ምክንያቱ መፈለግ አለበት። ቢሊሩቢን፣ ማለትም ቆዳን ቢጫ የሚያደርገው ነገር፣ 18.6 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር። የደሙ ስኳር 58፣ ደህና ነው። የእናትም የልጅም ደም ኦ ፖዘቲቭ ስለሆነ ቢጫነቱ ከደም አለመጣጣም የመጣ አይደለም። የኢንፌክሽን ምልክት አልተገኘም።

ቢሊሩቢን ከሰውነት የሚወጣው በዓይነ ምድር ነው። ትንሽ የሚበላ ልጅ ትንሽ ነው የሚያስወጣው፤ አንጀቱ ውስጥ የቆየው ጥቁር ዓይነ ምድር ያለው ቢሊሩቢን ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ቢጫነቱ ሲጨምር ደግሞ ልጁ የባሰ ይተኛል፣ የባሰ አይጠባም። ቤት ውስጥ ለ3 ቀን ሲሽከረከር የነበረው ይኸው ነው።

ሕክምናው ሁለት ነገር ነበር፦ የብርሃን ሕክምናና ወተት። ልጁ ዓይኑ ተሸፍኖ፣ የሽንት ጨርቅ ብቻ አድርጎ ከሰማያዊው መብራት ሥር ተኛ። አባትየው መብራቱ ያቃጥለዋል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ መብራቱ የሚሠራው በሙቀት ሳይሆን ቢሊሩቢኑን በውኃ ሟሚ አድርጎ በመለወጥ ነው። በየ3 ሰዓቱ ለማጥባት ሲወጣ ከ30 ደቂቃ በላይ እንዳይቆይ ተደረገ።

ወተቱ በልክ ተሰጠ፤ በየ3 ሰዓቱ 45 ሚሊ ሊትር፣ በቀን 8 ጊዜ። በመጀመሪያው ሌሊት እናቲቱ ከሁለቱም ጡቶች አልባ ያገኘችው 20 ሚሊ ሊትር ብቻ ነበር፤ የጎደለው በሐኪም ትእዛዝ በዱቄት ወተት ተሞላ። በማግስቱ ከሰዓት በአንድ ጊዜ 50 አለበች፣ የዱቄት ወተቱም ቆመ። በጡጦ አልተሰጠም፤ ለመጉረስ ገና እየታገለ ያለ ልጅ ጡጦ ካመቸው ጡቱን ይተወዋል። የተሰጠው በቡና ሲኒ ነው። ልጁ ቀጥ ብሎ ይያዛል፣ የሲኒው ጠርዝ የታች ከንፈሩ ላይ ያርፋል፣ ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ ሲኒው ዘንበል ይላል። አይፈሰስበትም፤ እሱ ራሱ በምላሱ ይልሰዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎች ግማሹ አንገቱ ላይ ፈሰሰ፤ ከሦስተኛው በኋላ ተለመደ።

ጥር 13 ጠዋት ቢሊሩቢኑ 12.4፣ ክብደቱ 2,760 ሆኖ ወጡ። መብራቱ ከተነሳ በኋላ ተመልሶ የሚጨምርበት ጊዜ ስላለ በማግስቱ ደግሞ ተለካ፤ 12.9 ነበር፣ ይህን ያህል መጨመር የሚጠበቅ ነው።

አጎራረሱ

የጉዳዩ ዋና መፍቻ እዚህ ነው፤ መብራቱ ጊዜ ገዛ እንጂ ልጁን አላበላውም።

መጀመሪያ ጡቱ ለሰለሰ። ለብ ባለ እርጥብ ጨርቅ ለ5 ደቂቃ ያህል ተሸፈነ። ከዚያ በሁለቱም እጅ ጣቶች የጡት ጫፉን ከብባ ወደ ደረቷ ለ1 ደቂቃ ተጫነች፤ እብጠቱ ወደ ኋላ ሲሸሽ ጫፉ ይወጣል፣ ጠቆር ያለው ክፍልም ለመጉረስ ይለሰልሳል። ትንሽ አልባም ጣለች።

ቀጥሎ አያያዙ። በቀኝ ጡት ስታጠባ ልጁን በግራ ክንዷ ያዘች፣ መዳፏ ትከሻውንና አንገቱን ደገፈ፤ ጭንቅላቱን ከኋላ መግፋት አልተፈቀደላትም፣ የተገፋ ልጅ ወደ ኋላ ይለጠጣልና። ሆዱ ሆዷ ላይ፣ አፍንጫው ከጡቱ ጫፍ ትይዩ። በጫፉ የላይ ከንፈሩን ነካ ነካ እያደረገች አፉን እንደ ማዛጋት እስኪከፍት ጠበቀች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ መጠበቁ ላይ ነው፤ አፉ ግማሽ ሲከፈት ይከቱታል። ሲከፍተው እሱን ወደ ጡቱ ታመጣዋለች፤ ጡቱን ይዛ ወደ እሱ አትጎነበስም።

በደንብ የጎረሰ ልጅ አገጩ ጡቱን ነክቷል፣ አፉ በሰፊው ተከፍቷል፣ የታች ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል፣ ጠቆር ያለው ክፍል ከአፉ በላይ እንጂ በታች ብዙ አይታይም። ጥቂት ፈጠን ፈጠን ያለ መጥባት፣ ከዚያ ረጋ ያለ፣ ከዚያ የመዋጥ ድምፅ ይሰማል። ጉንጩ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ወይም ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካለ አልጎረሰም። ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ ግን ጡቱ ሲወጣ የጫፉ ቅርጽ ነው፤ ክብ ከሆነ ጥሩ፣ በአንድ ወገን ከተደፈጠጠ ታኝኳል። ያኔ ትንሿን ጣት በአፉ ጥግ አስገብቶ መፍታትና እንደገና መጀመር ነው። በመጀመሪያው ቀን በአንድ ማጥባት አምስት ስድስት ጊዜ ደግማለች። ስንጥቁ ላይ ከቅቤ ይልቅ የራሷን ወተት ጠብታ እየቀባች በአየር አደረቀችው፤ በ4 ቀን ዳነ።

ቤት ከተመለሱ በኋላ

የተሰጣቸው ትእዛዝ አጭር ነበር። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ማጥባት፤ ከ3 ሰዓት በላይ ከተኛ መቀስቀስ። ጉንጩን መታ መታ ማድረግ አልቀሰቀሰውም። የቀሰቀሰው ጥቅልሉን መፍታት፣ የሽንት ጨርቁን መቀየርና ባዶ ደረት ላይ ማስተኛት ነበር። ለመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ከቀን ማጥባት በኋላ የታለበ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር በሲኒ ተጨመረለት። ወተቱ በተፈላ ሲኒ ተከድኖ ቢበዛ 4 ሰዓት ቆየ።

ቆጠራውን የያዙት አማቷ ናቸው። ማንበብ አይችሉም። ሁለት ሲኒ ተሰጣቸው፤ ልጁ በጠባ ቁጥር በአንዱ ሽምብራ፣ ጨርቅ ባረጠበ ቁጥር በሌላው ባቄላ ይጥላሉ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አባትየው ቆጥሮ ደብተር ላይ ይጽፋል። የረጠበ ጨርቅ ምን ያህል እንደሚከብድ እጃቸው እንዲያውቀው በደረቅ ጨርቅ ላይ 3 የሾርባ ማንኪያ ውኃ ፈሶ አነሱት። ጥር 14፦ 9 ሽምብራ፣ 5 ባቄላ። ጥር 16፦ 11 ሽምብራ፣ 7 ባቄላ። ከ5ኛው ቀን በኋላ 6ና ከዚያ በላይ የረጠበ ጨርቅ ካለ ልጁ በቂ እየጠባ ነው። ሰፈሩ ውኃ በፈረቃ የሚያገኝ ስለሆነ አባትየው የሚጣል ዳይፐር ገዛ፤ ዳይፐር ግን ሽንቱን መጥጦ ይደብቀዋል። መፍትሔው ውስጡ ትንሽ የጥጥ ጨርቅ ማድረግ ነበር።

ክብደቱ በአንድ ጤና ጣቢያ፣ በአንድ ሚዛን፣ ራቁቱን ተለካ፦ ጥር 16፣ 2,850፤ ጥር 20፣ 2,960፤ ጥር 24፣ 3,090፤ ጥር 27፣ 3,180 ግራም። በቀን ወደ 30 ግራም ነው። አብዛኛው ልጅ የውልደት ክብደቱን በ2 ሳምንት ይመልሳል፤ ይህኛው ከገባበት ጉድጓድ አንጻር 19 ቀን መፍጀቱ አያስደንቅም።

ያልሠራው

ትእዛዝ አልሠራም። ጥር 11 ማታ «ከጡት በቀር ምንም እንዳትሰጡት» ተብሎ ነበር። ጥር 14 ላይ የስኳር ውኃው ሲኒ ከአልጋ ሥር ተገኘ። ማስፈራራቱ አያቶቹን ዝም አሰኛቸው እንጂ አላሳመናቸውም። የተለወጠው ነርሷ የእናቲቱን እናት ስለ ከብት ስትጠይቃቸው ነው፦

«እናቴ፣ ጥጃ እንገር ካላገኘ ምን ይሆናል?»

«አይቆምማ! መች ያድጋል እሱ።»

«የሰውስ?»

ዝም አሉ፤ ከዚያ ስቀው «እኔ እንዳልሰማሁ ልሁን» አሉ። ከዚያ ወዲያ ጎረቤት ጡጦ ይዞ ሲመጣ የመለሱት እሳቸው ናቸው። ንጽጽሩ ለማባበል የተፈጠረ አይደለም፤ በላምም በሰውም እንገር በሽታ የሚከላከል ነገር የታጨቀበት የመጀመሪያ ቀለብ ነው። አብሽም ቢሆን ከቤት አልወጣም። ለእናቲቱ ተሰጠ፣ ከአጥሚቱና ከገንፎው ጋር። «ቀዝቃዛ ነገር ለአራስ አይሆንም» ተብሎ ውኃ ተከልክላ ስለነበር ለብ ያለ ውኃ በፔርሙስ አጠገቧ ተቀመጠላት።

ሚዛንም አንዴ አሳስቷል። ጥር 18 ሌላ ቦታ በሚንጠለጠል ሚዛን ሲለካ «2.8 ኪሎ» ተባለ፤ ቤቱ ተረበሸ፣ የዱቄት ወተት ሊገዛ ነበር። ሚዛን ከሚዛን ይለያያል፤ የሚንጠለጠለው ደግሞ በየ100 ግራም ነው የሚያነበው፤ በሁለት ቀን የሚጨመረው 60 ግራም በመስመሮቹ መሀል ይጠፋል።

በየ3 ሰዓቱ የሚጮኸው የስልክ ደወልም ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው የሠራው። ቤቱን ሁሉ ቀሰቀሰና ተተወ፤ ከዚያ ወዲያ ልጁ አጠገቧ በጀርባው እየተኛ፣ አፉን ማንቀሳቀስና እጁን መጥባት ሲጀምር፣ ገና ሳያለቅስ ታጠባው ጀመር። ማልቀስ የረሀብ የመጨረሻው ምልክት ነው፤ ያኔ ለማጉረስም ያስቸግራል።

ጥር 22 የግራ ጡቷ አንድ ቦታ ቀልቶ ሙቀቷ 38.4 ሆነ። «የታመመ ጡት አይጠባም» ብላ ለግማሽ ቀን አቆመች፣ እብጠቱ ባሰ። መልሳ ከዚያው ጡት ስታጠባና ጤና ጣቢያ የታዘዘላትን መድኃኒት ስትጨርስ ዳነች። ወተቱ ልጁን አይጎዳውም፤ የሚጎዳው ማቆሙ ነው።

ለሌላ አራስ ቤት የሚጠቅመው

ከሁሉም በላይ የ3ኛው ቀን ቀጠሮ ነው። ክብደት ወደ ታችኛው ልኩ የሚደርሰው፣ ቢጫነት የሚወጣው፣ ጡትም የሚወጠረው በዚያ ሰሞን ነው። የሕፃኑ 3ኛ ቀን በዓል ላይ ከዋለ፣ ጎንደር ላይ ደግሞ ጥር ላይ ለወለደ ሊውል ይችላል፣ ድንገተኛ ክፍል በበዓልም ክፍት ነው፤ ከመውለድ በፊት የሰፈሩን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስልክ መያዝም ይጠቅማል።

በ37 ወይም በ38 ሳምንት የተወለደ ልጅ እስከ 2 ሳምንቱ በሰዓት ይቀስቀስ፤ ዝምታው እንደ ጥጋብ አይቆጠር። መጠየቅ ያለበት ጨርቁ ነው።

የቢጫነት ነገር እንዲህ ይታይ፦ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ከታየ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል፤ መዳፍና የእግር ውስጥ ከደረሰ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል፤ ልጁ አልጠባም ወይም አልነቃም ካለ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል፤ ከ14 ቀን ካለፈ ይመርመር። ቢጫነት ባይኖርም ሙቀቱ 37.5ና ከዚያ በላይ ወይም ከ35.5 በታች ከሆነ፣ በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም የእትብቱ ዙሪያ ከቀላ በዓልም ሌሊትም አይጠበቅ።

ብርድን በተመለከተ፣ ከከሰል ይልቅ ባዶ ደረት ይሻላል። የአባትም ደረት ይሆናል፤ በዚህ ቤት ከጥር 15 በኋላ የማታውን ተራ የያዘው አባትየው ነበር፣ ባጃጁን አቁሞ ከገባ በኋላ።

አያቶችን ከክፍሉ ማስወጣት አያዋጣም። ሥራ ይሰጣቸው። ለእናቲቱ ማብሰል፣ ጠያቂን ደጅ ላይ መመለስ፣ ባቄላ መጣል።

በ6ኛው ሳምንት

ቢሲጂውን ጥር 24 ተከትቧል። የካቲት 15 በ40 ቀኑ ክርስትና ተነሣ፤ ከውኃው እንደወጣ በፎጣ ደርቆ በእናቱ ደረት ላይ ተደርጓል። የካቲት 18 የ6ኛ ሳምንት ክትባቶቹን፣ ማለትም ፔንታ፣ ፒሲቪ፣ ሮታና ፖሊዮ፣ ሲወስድ ክብደቱ 3,850 ግራም ነበር፤ ከጡት በቀር ምንም አይወስድም። እናቲቱ እስከ 10ኛው ቀን ያለምክንያት እንባ እየመጣባት ነበር፤ ከ2 ሳምንት ቢያልፍ ኖሮ እሷም ለብቻዋ መታየት ነበረባት፣ አላለፈም። ልጁ አሁን ሌሊት ያለቅሳል፤ አማቷ «አመል ወጣው» ይላሉ። ባቄላው ጥር 27 ወደ ጎተራው ተመልሷል።